ሙሉ ሚክሰር ከመግዛት በፊት

ቦይለሩ ደህና ሆኖ የሻወሩ ውሃ አንዴ ሲያቃጥል፣ አንዴ ሲቀዘቅዝ ብዙ ባለንብረት አዲስ ሚክሰር ሊገዛ ይሮጣል። በቴርሞስታት በሚሠራው ሚክሰር ግን አዘውትሮ የሚበላሸው ሙቀት ሲነካው የሚያብጥ ሰም የያዘው ካርትሪጅ ነው።

እሱን ለመቀየር የሙቁና የቀዝቃዛው መስመር ይዘጋል፤ የቀረው ውሃ ይፈስሳል፤ እጀታው ተነቅሎ ካርትሪጁ በቁልፍ ይፈታል። ያስቸገረው የውሃው ነጭ ጨው ብቻ ከሆነ ኮምጣጤ ውስጥ መዘፍዘፍ ሊያድነው ይችላል፤ ወጪውም የኮምጣጤው ብቻ ነው። ካልዳነ አሮጌውን በእጅ ይዞ ገበያ መውጣት ነው። የአንዱ ፋብሪካ ካርትሪጅ ለሌላው ስለማይሆን፣ ሳያስተያይ «ያው ነው» የሚል ሻጭ ገንዘብ ያስከስራል።

ከተገጠመ በኋላ ውሃው በቴርሞሜትር ተለክቶ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን የእጀታው 38 ምልክት በዚያው ላይ ይገጠማል። ይህ ከተዘለለ የሕፃን ገላ ሊቃጠል ይችላል።