ከመስቀል በኋላ የሚጎድሉ ልጆች

መስቀል በጋሞ ከሁሉ የሚበልጥ በዓል ነው። አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ሽመና ላይ የከረመው ሁሉ አዲስ ልብሱን ለብሶ፣ ለእናቱ ጋቢ ይዞ ወደ ጨንቻ፣ ወደ ዶርዜ፣ ወደ ቦንኬ ይመጣል። ሲመለስ ግን ብቻውን የማይመለስ አለ። ደጋ ላይ ሳስተምር፣ መስከረም መጀመሪያ የመዘገብኳቸውን ወንዶች ልጆች ከበዓሉ በኋላ ስጠራ «አቤት» የሚለኝ ይጠፋል። የት ሄደ ስል መልሱ ያው ነው፦ «ከአጎቱ ጋር ሄደ፣ ቲቸር።»

አጎት የተባለው አንዳንዴ እውነትም አጎት ነው፤ አንዳንዴ የሰፈር ሰው፣ አንዳንዴም ጭራሽ ደላላ። የሚገባው ቃል ግን አይለያይም። «እንደ ልጄ አየዋለሁ፤ ቀን ይማራል፣ ማታ ሙያ ይለምዳል» ይላል። መሬቱ ከእንሰት ጓሮ የማያልፍ፣ ልጆቹ የበዙበት አባት ያምናል። እነዚህን አባቶች መውቀስ ይከብደኛል።

ሽመና የአባቶቻችን ሙያ ነው፣ ያኮራናል። ልጅ ከትምህርት መልስ እናት አባቱ ቤት ቀሰም ቢያጠነጥን ማንም አይከፋም። ሰው ቤት ሲሆን ሌላ ነው። ትንሹ ቀሰም ሲያጠነጥን ይውላል፤ እግሩ ጉድጓዱ ውስጥ መርገጫው ላይ መድረስ ሲጀምር ይሸምናል፤ ጎንበስ ብሎ መወርወሪያውን ሲያመላልስ ይመሽበታል። ገንዘቡ «ለምግብህ፣ ለማደሪያህ» ተብሎ ይቀራል። ጥለት ካበላሸ ይመታል። የአሜሪካ የሥራ ሚኒስቴር በሕፃናት የግዳጅ ጉልበት ይመረታሉ ብሎ በመዘገባቸው ዕቃዎች ውስጥ የኢትዮጵያ የእጅ ሽመና አለበት። ያንን ሳነብ የክፍሌ ልጆች ፊት ነው የመጣብኝ።

ብዙ ሰው በሰው መነገድ ሲባል ሱዳንንና ሊቢያን ያስባል። አዋጅ ቁጥር 909/2007ን የተካው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ግን ድንበር መሻገርን አይጠይቅም፤ ልጅን ለጉልበት ብዝበዛ ከጨንቻ ሽሮ ሜዳ መውሰድም ያው ወንጀል ነው። ተጎጂው ልጅ ከሆነ ቅጣቱ ከ10 እስከ 20 ዓመት እስራትና ከ30 ሺህ እስከ 100 ሺህ ብር መቀጮ ይደርሳል። «አባቱ ፈቅዶልኛል» ማለት አያድንም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል።

ችግሩ አጎት የተባለውን ሰው ማን ይከሰዋል የሚለው ነው። ቤተሰቡ አይመሰክርም፤ ልጁም ይፈራል። የአዲስ አበባ ፖሊስ የሕፃናት ጥበቃ ክፍሎች ያገኟቸውን ልጆች ከቤተሰብ ያገናኛሉ፤ ትልቅ ሥራ ነው፣ ግን ልጁ ከተጎዳ በኋላ የሚደረግ ነው። እዚህ አርባ ምንጭ መናኸሪያ ላይ መቆጣጠርም ብቻውን አይበቃም። ከዶርዜ የሚወርደው መንገድ ወደ ሶዶ የሚወስደውን አውራ ጎዳና የሚያገኘው ከከተማው ውጭ ስለሆነ፣ ልጁን እዚያው ሚኒባስ ላይ መጫን ይቻላል።

ስለዚህ እኔ የምለው፣ ቁጥጥሩ ከክፍል መዝገቡ ይጀምር። ከመስቀል በኋላ ትምህርት በተከፈተበት ቀን የቀሩት ልጆች ስም እዚያው ዕለት ለቀበሌው ይድረስ፤ ቀበሌው ሳይውል ሳያድር ቤታቸው ይሂድ፣ ከማን ጋር፣ ወዴት እንደሄዱ ይጠይቅ፣ ለወረዳው ፖሊስ ያሳውቅ። ተመልሶ ለመጣ ልጅም ዓመቱ ተጋምሷል ሳይባል ክፍል ይሰጠው፤ ደብተር ይገዛለት። በሚቀጥለው መስቀል አጎት የተባለው ሰው ያንኑ ቤት ደግሞ ያንኳኳል።