ቡፌው ላይ ያለው ቴፕ

አዲስ አበባ፣ ዓለም ባንክ ሰፈር ውስጥ ቆየት ያለ ቤት ሳሎን ብትገቡ ቡፌው መሐል ቴሌቪዥኑ፣ ከጎኑ ደግሞ ዳንቴል የለበሰ ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ ልታዩ ትችላላችሁ። አንዳንዱ ቤት ዕቃው ከጌጥነት አያልፍም፤ ቢበዛ ሬዲዮው ይሠራል። አንዳንዱ ቤት ግን ቡና ሲፈላ አሁንም ይከፈታል፤ ከሥሩ ባለው መሳቢያም ሽፋናቸው የገረጣ የማሕሙድ፣ የአስቴር፣ የኤፍሬም ታምሩ ካሴቶች ተደርድረዋል። ይህ ጽሑፍ ዕቃውን የሚያስተዋውቀው በተለይ "እንዳትነኩት!" እየተባሉ አጠገቡ ላደጉና ውስጡን አይተው ለማያውቁ ነው።

ካሴትን እ.ኤ.አ. በ1963 ለዓለም ያቀረበው የኔዘርላንዱ ፊሊፕስ ነው። ክሩ 3.81 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሰፋል፤ በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል። ባለ 60 ደቂቃ ካሴት አንዱ ገጽ ተጫውቶ ሲያልቅ ወደ 86 ሜትር የሚጠጋ ክር ድምፁን በሚያነበው ክፍል፣ በሄዱ፣ ፊት አልፏል ማለት ነው። በዚያች ቀጭን ክር ላይ ለእያንዳንዱ ገጽ ሁለት መስመር ተቀድቷል፤ አንዱ ለግራው ስፒከር፣ አንዱ ለቀኙ፤ ስቴሪዮ የሚባለው ይህ ነው። መስመሮቹ ጎን ለጎን ስለሆኑ ባለ አንድ ስፒከር ቴፕ ሁለቱንም አዋህዶ ያነባቸዋል። ስለዚህ ያው ካሴት ታክሲ ውስጥም ሳሎን ውስጥም ያለ ችግር ይጫወታል። ልዩነቱ የሚታወቀው ሳሎን ሲገባ ነው።

እኛ ካሴት እንገዛ የነበረው በዘፋኙ ነው። ሽፋኑን የሚሞላው የእሱ ፎቶ ነው፤ ያጀበው ባንድና ያቀናባሪው ስም፣ ከተጻፈም፣ ታች በደቃቃ ፊደል ነው። ታክሲ ውስጥም ጎልቶ የሚሰማው ድምፃዊው ነው። ሁለት ስፒከር ተራርቆ ሲቀመጥና ቅጂው ጥሩ ሲሆን ግን ባንዱ ሳሎኑ ውስጥ ቦታ ቦታውን ይይዛል፤ ጊታሩ ወደ አንዱ ግድግዳ፣ ኪቦርዱ ወደ ሌላው፣ ቤዙ መሐል። የሮሃ ባንድ ጊታሪስት ሰላም ስዩምና ቤዚስቱ ጆቫኒ ሪኮ ስንቱን ዘፋኝ እንደተሸከሙ የሚገባችሁ ያኔ ነው። የቤት ቴፕ ትልቁ ውለታ ለእኔ ይህ ነው፤ አጃቢውን ሰው ያደርገዋል።

ለዚህ ማስረጃ የምጠራው አንድ ሥራ አለ። የሮሃ መነሻ የሆነው አይቤክስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1976 ራስ ሆቴል ውስጥ በመሣሪያ ብቻ የተጫወተ ሥራ ቀድቶ ነበር፤ ርዕሱ ላይ ራሱ "ስቴሪዮ" የሚል አለበት። ዘፋኝ ስለሌለ ጆሮ የሚደገፍበት ግጥም የለም፤ ወደ ተጫዋቾቹ መሄድ ግድ ነው። በቅርብ ዓመታት እንደገና ታትሟል። እኔ የማላውቀውን ስፒከር የምፈትነው በእሱ ነው።

ከካሴት በፊት ዘመኑ የሸክላ ነበር። ሙዚቃ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ቲያትር ብቻ በተሰጠበት ጊዜ፣ አምኃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1969 የራሱን ሸክላ ማሳተም ጀመረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ካይፋ የተባለው ሸክላ አሳታሚ ተከተለ፤ የማሕሙድ "ኧረ መላ መላ" ከአይቤክስ ጋር የወጣው በካይፋ ነው። ደርግ መጣ፣ አምኃ ተሰደደ፣ ሸክላ እየተወ ሄደ፣ ካሴት ቦታውን ወረሰ። ካሴት ደግሞ ማንም ቤቱ የሚቀዳው ነገር ነበር፤ ባለ ሁለት ካሴቱ ቴፕ የተወደደበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። የጓደኛን ካሴት ተውሶ፣ ባዶ ገዝቶ፣ ሁለቱን ቁልፍ አንድ ላይ መጫን ብቻ። ሙዚቀኛው ከዚያ ቤሳ አላገኘም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ሲወጣ የካሴት ዘመን ራሱ ወደ ማብቂያው ተቃርቦ ነበር።

ወደ ዕቃው እንመለስ። ድግስ በመጣ ቁጥር አንዱ ስፒከር እንግዳ እንዲሰማው በረንዳ ይወጣል፤ ከድግሱ በኋላ ማንም አይመልሰውም። ቡና የምታፈላዋ የባንዱን ግማሽ ትሰማለች፣ ጎረቤት ቀሪውን። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በሁለቱ ስፒከሮች መካከል ያለውን ርቀት፣ እያንዳንዱ ከምትቀመጡበት ወንበር ካለው ርቀት ጋር ማስተካከል። ዳንቴሉ ብዙም አይጎዳም፤ በላዩ የሚደረበው ወፍራም ጨርቅ ግን የክራርን ጥርት ያለ ምት ያፍነዋል።

"ቴፑ ካሴት በላ" የሚባለው ክሩን የሚስበው ትንሹ ጎማ ሲቆሽሽ፣ ወይም የሚጠቀልለው ላስቲክ ሲላላ ነው፤ የመጣውን ክር የሚሰበስብ ስለሌለ ጎማው ላይ ይጠመጠማል። ጎማውንና ሄዱን በአልኮል በራሰ ጥጥ መጥረግ ብዙ ካሴት ያተርፋል። የወጣው ክር በእስክሪብቶ ይጠቀለላል፤ ይህን ማንም አያስተምራችሁም፣ ግን ቤት ውስጥ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። ላስቲኩ ሲያረጅ ደግሞ ቴፑ ይጎተታል፣ የዘፋኙም ድምፅ ይወፍራል። የሚገርመው ቅኝቱ አይበላሽም፤ ሁሉም ድምፅ እኩል ስለሚወርድ በድምፆቹ መካከል ያለው ዝምድና እንዳለ ይቆያል። ትዝታ ወርዶም ትዝታ ነው። እንዲያውም አንዳንድ ቤት ትዝታው በዝግታ የሚወደደው ላስቲኩ ስላረጀ ሳይሆን አይቀርም።

ኮንሰርትስ? የካቲት 2005 እ.ኤ.አ. መስቀል አደባባይ የቦብ ማርሌይ 60ኛ የልደት ዓመት ሲከበር የሄደ ሰው የሚያወራው ስለ ድምፁ ሳይሆን ስለ ሕዝቡ ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ከመድረኩ 100 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ከበሮ መቺው እጁን ካሳረፈ ከሰከንድ ሲሶ ገደማ በኋላ ነው ምቱን የሚሰማው። ግራና ቀኝ ብሎ ነገር እዚያ የለም። ማሕሙድ አሕመድ በጥር 2017 ዓ.ም. ሚሊኒየም አዳራሽ በተሰናበተበት መድረክም እንዲሁ ነበር፤ አዳራሹ ሰፊ፣ ድምፁ የሚመላለስ። የኛ ሰው ግን ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት፣ ከመግቢያው ዜማ ብቻ፣ የትኛው ዘፈን እንደሆነ አውቆ ይጮኻል። መግቢያውን የሚጫወተው ዘፋኙ ሳይሆን ባንዱ ነው፤ ያንን መለየት ደግሞ ሰዉ የተማረው ሳሎን ነው።

ወጥቶ ሙዚቃ መስማትም ሁሌ ቀላል አልነበረም፤ በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ስለነበር ሙዚቃ ሊሰማ ማታ የወጣ ሰው ወይ በጊዜ ይገባል፣ ወይ እዚያው ያነጋል። ከእነዚያ የማታ መድረኮች በአንዱ፣ በሂልተን ሆቴል፣ ይጫወት የነበረው ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ለኮንሰርት ሄዶ ኪቦርዲስቱ ኃይሉ መርጊያ እዚያው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1985 ብቻውን፣ አኮርዲዮን ከኪቦርድና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋህዶ፣ አንድ ካሴት ቀዳ። ከዚያ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነጂ ሆነ፤ ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ ይዞ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ይለማመድ ነበር። ያ ካሴት ባሕር ዳር አንድ ካሴት ቤት ተቀምጦ ቆይቶ አንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ እጅ ገባ፣ እ.ኤ.አ. በ2013ም እንደገና ታተመ። ብዙም ሳይቆይ ኃይሉ በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች ይዞር ጀመር። ታክሲውን ግን ወዲያው አልተወውም።