ዝቅተኛ ፒኤች በቤት ውስጥ የዓሣ ገንዳ

ዝቅተኛ ፒኤች በቤት ውስጥ የዓሣ ገንዳ (አኳሪየም) ማለት ጨዋማ ያልሆነ የገንዳ ውሃ ዓሦቹ ከለመዱት መጠን በታች ወርዶ አሲዳማ ሲሆን የሚፈጠር ችግር ነው። አብዛኛውን ጊዜ የችግሩ ምንጭ በውሃው ውስጥ ያለው ባይካርቦኔት ማለቁ ነው፤ የፒኤች መውረድ የዚህ ምልክት ነው። ፒኤቹን በአንድ ቀን ከፍ ማድረግ መፍትሔ ቢመስልም አሲዱን ችለው የቆዩትን ዓሦች ሊገድል ይችላል።

መለኪያው

ፒኤች በውሃ ውስጥ ያለውን የሃይድሮጅን አዮን መጠን የሚገልጽ ቁጥር ነው። መለኪያውን እ.ኤ.አ. በ1909 ያስተዋወቀው በኮፐንሃገን በካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ዴንማርካዊው ኬሚስት ሶረን ሶረንሰን ነው። 7 ገለልተኛ ነው፤ ከ7 በታች አሲዳማ፣ ከ7 በላይ ደግሞ አልካላይን ይባላል። መለኪያው በሎጋሪዝም የተሠራ ስለሆነ ፒኤች 6 የሆነ ውሃ 7 ከሆነው 10 እጥፍ፣ ፒኤች 5 የሆነው ደግሞ 100 እጥፍ አሲዳማ ነው። በቁጥር ትንሽ የሚመስል ለውጥ ለዓሣ ትልቅ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ለሁሉም ዓሣ የሚሆን አንድ ቁጥር የለም። ከአማዞን ወንዝ አካባቢ የመጣው ኒዮን ቴትራ ለስላሳና አሲዳማ ውሃ ይስማማዋል። ጉፒና ሞሊ ግን ከ7 በላይ የሆነና ማዕድን ያለው ውሃ ይመርጣሉ። በኢትዮጵያ ሐይቆች የሚገኘው ቆሮሶ ሰፊ ልዩነት ይችላል። በስምጥ ሸለቆ እንደ ሻላ ያለ ፒኤቹ ወደ 10 የሚጠጋ ሐይቅም አለ። ስለዚህ 6.5 «ዝቅተኛ» መሆን አለመሆኑ በገንዳው ውስጥ ባለው የዓሣ ዓይነት ይወሰናል።

የአምቦና የወንጪ ውሃ

ፒኤችና ባይካርቦኔት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለማየት ከአምቦ ውሃ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። በምዕራብ ሸዋ ከመሬት ውስጥ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ሲገናኝ ደካማ የሆነውን ካርቦኒክ አሲድ ይሠራል። ይህ አሲድ በድንጋዩ ውስጥ ሲያልፍ ሶዲየም፣ ካልሲየምና ማግኒዥየም እያሟሟ በባይካርቦኔት የበለጸገ ውሃ ይሆናል። ጠርሙሱ ገና ሲከፈት ውሃው ጋዙ ስላለበት አሲዳማ ነው፤ ምላስ ላይ የሚሰማውም መኮምጠጥ ይኸው ነው። ክዳኑ ተከፍቶ ሲያድር ጋዙ ይወጣና ያው ውሃ፣ ምንም ሳይጨመርበት፣ አልካላይን ይሆናል።

ከአምቦ በስተደቡብ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ፣ በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የሚገኘው ሐሮ ወንጪ ሌላውን ገጽታ ያሳያል («ሐሮ» በኦሮምኛ ሐይቅ ማለት ነው)። በወንጪ ዙሪያ ፍል ውሃና የማዕድን ምንጮች አሉ፤ ሐይቁ ራሱ ግን ጨዋማ አይደለም። ተመሳሳይ ዝናብ የሚዘንብበት አንድ አካባቢ፣ ውሃው በድንጋይ ውስጥ በቆየበት ጊዜና ባገኘው ጋዝ መጠን፣ የተለያየ ውሃ ይሰጣል። በከተማ ቧንቧም ይኸው ይታያል። ለአዲስ አበባ ከሚቀርበው ውሃ የገፈርሳው በግድብ የተያዘ የገጸ ምድር ውሃ ሲሆን የአቃቂው ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣ ነው። የጉድጓድ ውሃ ከድንጋይ ጋር ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ በተለምዶ የበለጠ ባይካርቦኔት ይይዛል። ጎረቤት ለጎረቤት ስለ ውሃ የሚሰጠው ምክር ሁልጊዜ የማይሠራበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ፒኤች ለምን ይወርዳል

ዋናው ምክንያት ገንዳው በትክክል መሥራቱ ነው። ከዓሣ ኩስና ከተረፈ ምግብ የሚወጣውን አሞኒያ በማጣሪያው ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ጉዳቱ አነስተኛ ወደሆነው ናይትሬት ይለውጡታል። ይህ ሂደት አሲድ ያመነጫል። ከአሞኒያ የሚገኝ 1 ግራም ናይትሮጅን ሲለወጥ 7 ግራም ያህል ካልሲየም ካርቦኔት የሚያክል የአልካላይንነት አቅም ይበላል። ባይካርቦኔቱ እስካለ ድረስ ፒኤቹ ብዙም አይነቃነቅም፤ ሲያልቅ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ያሽቆለቁላል። ለወራት ደህና የነበረ ገንዳ «በድንገት» የሚበላሸው እንዲህ ነው።

ምግብ ማብዛት፣ ዓሣ ማጨናነቅና ውሃ አለመቀየር ሂደቱን ያፋጥናሉ። ቧንቧ ሲጠፋ ከጣሪያ ወደ ሮቶ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ መጠቀምም እንዲሁ፤ የዝናብ ውሃ ባይካርቦኔት የለውም ለማለት ይቻላል፣ ፒኤቹም በንጹሕ አየር 5.6 ገደማ ነው። በውሃው ውስጥ የሚበሰብስ እንጨትና ቅጠልም አሲድ ይለቃል።

ምክንያቱን መለየት

ከገንዳው አንድ ብርጭቆ ውሃ ተቀድቶ ፒኤቹ ይለካል፤ አልፎ አልፎ እየተማሰለ ለአንድ ቀን ክፍት ሆኖ ይቀመጥና እንደገና ይለካል። ቁጥሩ ከፍ ካለ፣ እንደ አምቦ ውሃ፣ አሲዱ የታመቀ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር ማለት ነው። ይህ ከሆነ ምንም መጨመር አያስፈልግም፤ የአየር ፓምፕ ማስገባት ወይም የውሃውን ገጽ ማንቀሳቀስ ይበቃል። ቁጥሩ ካልተለወጠ የጎደለው ባይካርቦኔት መሆኑ አይቀርም። ይህም «የካርቦኔት ጥንካሬ» በሚለካ መመርመሪያ ይረጋገጣል። የዚህ መመርመሪያ አንድ ዲግሪ በሊትር 18 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም ካርቦኔት ነው።

ማስተካከልና አደጋው

ፒኤች ከ6.5 በታች ሲወርድ የማጣሪያው ባክቴሪያዎች ሥራቸው ይዳከማል፤ ወደ 6 ሲጠጋ ሊያቆሙ ይቃረባሉ። አሞኒያው ይጠራቀማል፤ ነገር ግን በአሲዳማ ውሃ ውስጥ አብዛኛው እምብዛም የማይመርዘው አሞኒየም ስለሆነ ዓሦቹ ይቆያሉ። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት፣ ፒኤች 7 ላይ ከጠቅላላው መርዛማ አሞኒያ የሚሆነው ከ1 በመቶ በታች ነው፤ ፒኤች 8 ላይ ግን ወደ 5 በመቶ ይደርሳል። ከ6 ወደ 8 በአንድ ጊዜ መውጣት መርዙን 100 እጥፍ ገደማ ያበዛዋል። «ውሃውን ሙሉ በሙሉ ቀየርኩላቸው፣ ማታውኑ አለቁ» የሚባለው ታሪክ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

ስለዚህ መጀመሪያ አሞኒያው ይለካል፣ ምግብ ይቀነሳል፣ ከዚያም ውሃው በየቀኑ አንድ አሥረኛ ያህል እየተቀነሰ ክሎሪኑ በወጣለት አዲስ ውሃ ይተካል። ቧንቧው ራሱ ባይካርቦኔት ካነሰው ቤኪንግ ሶዳ ይጨመራል። ለ100 ሊትር ውሃ 3 ግራም የካርቦኔት ጥንካሬውን በአንድ ዲግሪ ከፍ ያደርጋል። በተለየ ዕቃ ተሟሙቶ ቀስ በቀስ፣ በቀን ከአንድ ዲግሪ ሳይበልጥ መጨመር አለበት። ቤኪንግ ፓውደር ግን ሌላ ነገር ነው፤ ደረቅ አሲድና ስታርች ስለተቀላቀለበት ለገንዳ አይሆንም።

ለረጅም ጊዜ የሚያገለግለው ድንጋይ ነው። በማጣሪያው ውስጥ የሚቀመጥ የኖራ ድንጋይ፣ የእብነ በረድ ስባሪ ወይም ታጥቦ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት፣ ውሃው አሲዳማ ሲሆን የበለጠ፣ አልካላይን ሲሆን ያነሰ ይሟሟል፤ ራሱን በራሱ ይቆጣጠራል ማለት ይቻላል። በምዕራብ ሸዋ ሙገር አካባቢ ለሲሚንቶ የሚቆፈረው የኖራ ድንጋይ የዚህ ዓይነት ነው። ለግንብ የሚያገለግለው የአምቦ ድንጋይ ግን የአሸዋ ድንጋይ ስለሆነ ለዚህ ተግባር አይታመንበትም። ለመለየት ድንጋዩ ላይ ኮምጣጤ ጠብ ማድረግ ይበቃል፤ አረፋ ካወጣ ካርቦኔት አለበት።

ግድግዳ የሚቀባበት ኖራ ወደ ገንዳ መግባት የለበትም። ስሙ ቢመሳሰልም በእሳት የተቃጠለና ውሃን እስከ ፒኤች 12 ሊያደርስ የሚችል ነው። በደጋው የሸዋ ማሳ ላይ አሲዳማ አፈር ለማከም የሚበተነው ኖራ አብዛኛውን ጊዜ ያልተቃጠለ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ነው፤ ሆኖም ዱቄት በመሆኑ ውሃውን ያደፈርሳል፣ ለገንዳ ጠጠሩ ይሻላል።

የአምቦ ውሃ ገንዳ ውስጥ መጨመርም አይመከርም። ጋዙ እንዳለ ከገባ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ዓሦቹን ያፍናል። ጋዙ ከወጣ በኋላ ባይካርቦኔት መስጠቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሌሎች ጨዎችን አብሮ ያስገባል፣ ከቤኪንግ ሶዳም እጅግ ይወደዳል።