ጆርጂያኛ ወይስ ስዋሂሊ? ለአማርኛ ተናጋሪ የተሰጠ መልስ

ቋንቋ ሳስተምር «የትኛው ይከብዳል?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣልኛል። መልሱን የሚወስነው የጠያቂው የአፍ መፍቻ ቋንቋ ነው።

በካውካሰስ የሚነገረው ጆርጂያኛ 33 የራሱ ፊደላት አሉት። የቅርብ ዘመዶቹ ስቫን፣ ሚንግሬልኛና ላዝ ብቻ ናቸው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችን የሚያስጨንቁት ጠንካራ ድምፆቹ ለእኛ አዲስ አይደሉም፤ ጥ፣ ጭ፣ ጽ፣ ጵ ከልጅነታችን በአፋችን አሉ። ተነባቢዎች ያለ አናባቢ ሲደራረቡ ግን ምላስ ይተሳሰራል። ቁጥሩም በሃያ ይሄዳል፦ 40 «ሁለት ሃያ» ነው።

እኔን የሚገርመኝ ግሱ ነው። «እወድሃለሁ» ለማለት «ሚቅቫርኻር» ይላሉ። ፊት ያለው «ም» ወዳጁን፣ ማለትም «እኔ»ን ያመለክታል፤ ነገር ግን በተሳቢ መልክ ነው። «ራበኝ»፣ «ደስ አለኝ» ስንል «ኝ» የሚሠራውን ሥራ ይሠራል። የማይዛመዱ ሁለት ቋንቋዎች እንዲህ ሲገናኙ ማየት ያስደስተኛል፤ ሰዋስው አስጠሊታ ነው የሚል ሰው ይህን ቢያይ ደስ ይለኛል።

ስዋሂሊ «ኒናኩፔንዳ» ይላል፦ ኒ «እኔ»፣ ና የአሁን ጊዜ፣ ኩ «አንተን»፣ ፔንዳ «ወደደ»። ክፍሎቹ ቁልጭ ብለው ይለያሉ። ትዕግሥት የሚጠይቀው የስም መደቡ ነው። «ኪታቡ ኪኩብዋ» ትልቅ መጽሐፍ ነው፤ ሲበዛ «ቪታቡ ቪኩብዋ» ይሆናል። «ኪታቡ» ከዐረብኛ የመጣ ቢሆንም ስዋሂሊ «ኪ»ን እንደ ራሱ ቅጥያ ቆጥሮ ያረባዋል።

ሰዓት አቆጣጠሩን ማጥናት አያስፈልጋችሁም፤ «ሳ ሞጃ» ጠዋት የእኛው 1 ሰዓት ነው። ቶሎ ማውራት የምትፈልጉ በስዋሂሊ ጀምሩ።