የፒንቦል ማሽን ኳስ አለመለየት

ፒንቦል በመስታወት በተሸፈነ ዘንበል ያለ ሰሌዳ ላይ የብረት ኳስ እየተመታ ነጥብ የሚሰበሰብበት የጨዋታ ማሽን ነው። መነሻው ባጋቴል የተባለው የፈረንሳይ የጠረጴዛ ጨዋታ ነው። ኳሱን መልሰው የሚመቱት ፍሊፐር የተባሉት ክንዶች የመጡት ግን በ1947 እ.ኤ.አ. ጎትሊብ የተባለው የቺካጎ ኩባንያ ባወጣው ሀምፕቲ ዳምፕቲ በተሰኘው ማሽን ነው።

በኢትዮጵያ ከተሞች በሚዘወተረው ጆተኒ ኳሱ ጎል መግባቱን የሚያዩትም ውጤቱን የሚይዙትም ተጫዋቾቹ ናቸው። በፒንቦል ይህን ሁሉ የሚሠራው ማሽኑ ነው። ይሁን እንጂ ማሽኑ ኳሱን አያይም፤ የትኛው ስዊች እንደተዘጋ ወይም እንደተከፈተ ብቻ ያውቃል፤ ከዚያ ተነሥቶ ኳሱ የት እንዳለ ይገምታል። ግምቱ ሲሳሳት ሰሌዳው ውስጥ ያለውን ኳስ «ጠፍቷል» ይላል፣ ጨዋታ አልጀምርም ይላል፣ ወይም ሳያስፈልግ ሁለተኛ ኳስ ይለቃል። ችግሩን ያልተረዳ ባለቤት ደኅና የሆነውን ውድ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ሊቀይር ይችላል። ጥፋቱ ግን ብዙውን ጊዜ ከአንድ ስዊች፣ ከተበጠሰ ሽቦ ወይም ከአቧራ አያልፍም።

መለያዎቹ

የቆየው ዓይነት ሁለት ስስ የብረት ቅጠሎች ሲነካኩ የሚሠራ ነው። ሁለተኛው ኳሱ ሲያልፍበት የሚጫን ትንሽ የሽቦ ክንድ ያለው ዝግ ስዊች ነው። ከ1990ዎቹ ወዲህ በብዙ ማሽኖች ኳሶች በሚያርፉበት ቦይ ውስጥ የኢንፍራሬድ ጨረር አመንጪና ተቀባይ ትይዩ ሆነው ይገጠማሉ፤ ኳሱ ጨረሩን ሲጋርድ ይቆጠራል። ከእነዚህ ለየት ያለው በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣው የባሊ ትዋይላይት ዞን ነው። ከብረት ኳሶቹ ጋር አንድ ነጭ የሴራሚክ ኳስ ስላለው፣ የትኛው እንደሆነ የሚለየው ብረት ሲቀርበው በሚሰማ መለያ ነው።

ፍተሻ

ፍተሻ የሚጀመረው ኳሶቹን በእጅ ከመቁጠር ነው። ቀላል ቢመስልም ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። በመሸጋገሪያ መንገድ ሥር ወይም በጎማ ጀርባ የተወተፈ አንድ ኳስ ማሽኑን በሙሉ የተበላሸ ያስመስለዋል።

ቀጥሎ የሳንቲም በሩ ተከፍቶ በውስጥ ባሉት ቁልፎች የስዊች ፍተሻ ይመረጣል፤ እያንዳንዱ ስዊች በኳስ ሲነካ ስሙ በስክሪኑ ላይ መውጣት አለበት። በእጅ ሲጫኑት ሠርቶ በኳስ የማይሠራ ከሆነ ክንዱ በጥቂቱ ተጣሟል ማለት ነው። በ1990ዎቹ የዊልያምስና የባሊ ማሽኖች ከክሬዲቱ ቁጥር ቀጥሎ አንዲት ነጥብ ከታየች፣ ማሽኑ ራሱ ብልሽት መዝግቧልና ዝርዝሩን በፍተሻ ገጹ ማንበብ ይቻላል።

ስዊቾቹ በብዙ ማሽኖች ለየብቻ ሳይሆን በረድፍና በዓምድ ተሳስረዋል፤ 8 በ8 ሲሆን 64 ስዊች በ16 መስመር ይነበባል። ስለዚህ አንድ ስዊች ብቻ ከሞተ ጥፋቱ እዚያው ነው። አንድ ረድፍ በሙሉ ከሞተ ግን ስዊቾቹን መነካካት ጊዜ ማባከን ነው፤ የተበጠሰው ሽቦ፣ የላላው ማገናኛ ወይም ቦርዱ ይታይ። ያልተነካ ስዊች እንደተነካ ከታየ ደግሞ መጠርጠር ያለበት በስዊቹ ላይ የተበየደው ዳዮድ ነው። አንዱ ሲቃጠል ምልክቱ ወደ ጎረቤት ይሻገራል።

የኢንፍራሬድ ጨረር በዓይን አይታይም፤ በብዙ ስልኮች ካሜራ ግን ሐምራዊ መስሎ ይታያል። አንዳንድ ስልኮች ጨረሩን ስለሚያጣሩት ስልኩን አስቀድሞ በቴሌቪዥን ሪሞት መሞከር ይበጃል። እንደ ቆቦና ሮቢት ባሉ ሞቃታማ የራያ ቆላ ከተሞች እንዲህ ዓይነት መለያ የሚገጠምበት ማንኛውም ዕቃ ቀዳሚ ጠላቱ አቧራ ነው፤ ክፍል ከመቀየር በፊት በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ይገባል። በወርቅ የተለበጡ የስዊች ቅጠሎች በሞረድ አይነኩም፤ ንጹሕ ወረቀት በመካከላቸው ሳብ ማድረግ ይበቃል።

ስዊቹ ደኅና ሆኖ

መደበኛው ኳስ 27 ሚሊሜትር ስፋትና 80 ግራም ያህል ክብደት አለው። ማግኔት ባለባቸው ማሽኖች የቆየ ኳስ ራሱ ማግኔት ይሆናል፤ ሁለት ኳሶች ቦይ ውስጥ ተጣብቀው ስለሚቆሙ ከስዊቹ ላይ በትክክል አያርፉም። የወረቀት ማያያዣ ሽቦ ከሳበ ኳሱ ይቀየራል። ሰሌዳውም በተለመደው 6.5 ዲግሪ ገደማ ካልዘነበለ ኳሱ ወደ ቦዩ መጨረሻ ላይደርስ ይችላል።

ሌላው የኤሌክትሪኩ ነገር ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ማሽን የሚጠብቀው 120 ቮልት ሲሆን በኢትዮጵያ ያለው 220 ቮልት ነው፤ በብዙ ማሽኖች ይህ በትራንስፎርመሩ ማገናኛ ይስተካከላል። መብራቱ ሲደክም ኳስ አስወጪው ጥቅል ሽቦ ኃይል ያጣና ኳሱ ተመልሶ ይወድቃል፤ ይህም የመለያ ብልሽት ይመስላል። ጥቅል ሽቦዎቹ ከ50 እስከ 70 ቮልት ስለሚይዙ ሰሌዳው ከመነሣቱ በፊት ሶኬቱ ይነቀላል። በኋለኞቹ ማሽኖች የሳንቲም በሩ ሲከፈት ይህ ኃይል በራሱ ይቋረጣል፤ በሩን ከፍቶ የሚሞክር ጀማሪ ጥቅል ሽቦው የተቃጠለ የሚመስለውም በዚህ ምክንያት ነው።