ውሻን አስከትሎ በወንዝ ዳር ደን ማደር፦ ከድንኳኑ አስቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው

ክረምቱ አልፎ ሜዳው በአደይ አበባ ሲደምቅ፣ የደፈረሱት ወንዞች ሲጠሩና መንገዱ ሲደርቅ፣ ከከተማ ወጥቶ በድንኳን ማደር የሚሻ ሰው ይበዛል። ጥድ፣ ዝግባና ኮሶ የበቀለባቸው ሸለቆዎች፣ ለምሳሌ በሰሜን ሸዋ እንደ ወፍ ዋሻ ደን ያሉ ሥፍራዎች፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ዕረፍት የተመቹ ናቸው። ከተጓዦቹም አንዳንዶቹ ግቢያቸውን ሲጠብቅ የኖረውን ውሻ ማስከተል ይፈልጋሉ። ፍላጎቱ የሚያስወቅስ አይደለም። ነገር ግን ሸለቆው ባዶ ሥፍራ አይደለም። የአርሶ አደሩ በግ የሚሰማራበት፣ የዱር እንስሳትም የሚኖሩበት ነው። ስለዚህ ውሻው ይዞት የሚመጣውም ሆነ ይዞት የሚመለሰው በሽታ የባለቤቱ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ይህን ለመረዳት የባሌ ተራሮችን መመልከት ይበቃል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ባለበት ዲንሾ፣ ጎብኚዎች በጥድና በኮሶ ዛፎች መካከል ድንኳን ይተክላሉ፤ የደጋ አጋዘንም በአቅራቢያቸው ይግጣል። ከዚያ ከፍ ብሎ የሚገኘው የዌብ ሸለቆ ደግሞ ከቀይ ቀበሮ ዋና መኖሪያዎች አንዱ ነው። በዚህ ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ2003 ዓ.ም. የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ፣ በሽታው በደረሰበት ክፍል ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ አለቁ። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2008 ዓ.ም. ጭምር፣ ተመሳሳይ እልቂት ደርሷል። ሌላው የውሾች ተላላፊ በሽታ፣ ዲስተምፐር የሚባለው፣ በተለያዩ ዓመታት የራሱን ጉዳት አድርሷል። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል፤ ሁሉም የሚኖሩት በኢትዮጵያ ነው። በአማራ ክልልም በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳና በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ቁጥራቸው አነስተኛ የሆነ መንጋዎች አሉ። ትንሽ መንጋ አንድ ጊዜ ከተመታ መልሶ ለመተካት ብዙ ዓመታት ይፈጅበታል።

በባሌ በሽታውን ያስገቡት የጎብኚ ውሾች እንዳልነበሩ መናገር ተገቢ ነው። ከእረኞችና ከመንደሮች ጋር የሚኖሩ፣ ክትባት ያላገኙ ውሾች ነበሩ። ሆኖም ቫይረሱ ውሻው በእግሩ ይምጣ በመኪና አይለይም። ቀይ ቀበሮዎች ለአደን በተናጠል ቢሰማሩም በመንጋ ተሰባስበው ያድራሉ፤ ሲገናኙም ተጠጋግተው ሰላምታ ይለዋወጣሉ። አንዱ ከታመመ በሽታው መንጋውን ለማዳረስ ጊዜ አይፈጅበትም። ከ2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በባሌ በስጋ ውስጥ የተደረገ፣ በአፍ የሚወሰድ ክትባት ለቀይ ቀበሮዎች መስጠት ተጀምሯል። የበሽታው ምንጭ ግን ውሻ እስከሆነ ድረስ ዋናው መከላከያ የውሻ ክትባት ነው። በየአካባቢው ካሉት ውሾች 70 በመቶ ያህሉ ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት እንደሚበጠስ የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል።

የሚያሳስተው ነገር ውሻው ጤነኛ መስሎ መታየቱ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ከንክሻ በኋላ ምልክቱን ለማሳየት ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስድበታል። ምልክቱ ከመታየቱ ከጥቂት ቀናት በፊትም ቫይረሱ በምራቁ ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ «የእኔ ውሻ ደህና ነው» ማለት ማስረጃ አይሆንም፤ ማስረጃው የክትባት ወረቀት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከተብ ውሻ በቂ መከላከያ የሚያዳብረው ከክትባቱ 3 ወይም 4 ሳምንት በኋላ በመሆኑ፣ ለጉዞው ዋዜማ ማስከተብ ትርጉም የለውም።

ለአርሶ አደሩ ከዚህ ባልተናነሰ የሚያሳስበው፣ የከተማ ሰው ግን እምብዛም የማያውቀው ሌላ ጉዳይ አለ። ይኸውም የውሻ ትል ነው። በግ አንገቱን አዘንብሎ በአንድ አቅጣጫ ሲዞር፣ ከመንጋው ተነጥሎ ሲንገዳገድ የደጋ አርሶ አደር «አዙሪት ያዘው» ይላል። መንስኤው በውሻ አንጀት ውስጥ የሚኖር የኮሶ ትል ዓይነት ነው። የትሉ እንቁላል ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ሣር ላይ ይወድቃል፣ በጉ ሲግጥ ይውጠዋል፣ ከዚያም ወደ አንጎሉ ሄዶ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይሆናል። የዚያን በግ ጭንቅላት የበላ ውሻ ደግሞ ትሉን እንደገና ይወስዳል። ሌላው የዚህ ቤተሰብ ትል ቁመቱ ከጥቂት ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ይሁንና በበግ፣ በከብትና በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ለዓመታት የሚያድግ ከረጢት ያበጃል፤ በሰው ላይ ብዙ ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና አይወገድም።

እዚህ ላይ የሽርሽሩ ወግ ራሱ ችግር ያመጣል። በወንዝ ዳር በግ ማረድ የተለመደ ነውና፣ ከረጢት ያለበት ጉበትና ሳንባ «ለውሻው» ተብሎ ይጣላል። በዚያች ቅጽበት ውሻው ትሉን ይዞ ወደ ከተማ ይመለሳል፤ ከልጆች ጋርም ይጫወታል። የታረደ እንስሳ የሆድ ዕቃና ጭንቅላት ለውሻ ጥሬውን አይሰጥም። ጠልቆ መቀበር ወይም መቃጠል አለበት። ውሻውም ከጉዞው በፊትና በኋላ በእንስሳት ሐኪም ትእዛዝ የትል መድኃኒት ቢወስድ መልካም ነው፤ ለዚህ ትል የሚያገለግለው ፕራዚኳንቴል የተባለው ነው። ዓይነ ምድሩን ከውሃውና ከግጦሹ አርቆ መቅበር፣ ቢቻል በከረጢት ይዞ መመለስ ያስፈልጋል። ይህን ማድረግ የሚያሳፍረው ሰው ውሻውን ቤቱ ቢተወው ይሻላል።

ሸለቆውም በተራው ለውሻው አደጋ አለው። ነብር ውሻን አጥብቆ ይሻል፤ ጅብም የታሰረ ውሻ አያልፍም። ስለዚህ ውሻን ከድንኳን ውጭ አስሮ ማሳደር፣ ጠባቂ አቆምኩ ብሎ እንደ መተኛት ያለ ስሕተት ነው። ከባለቤቱ ጋር በድንኳን ውስጥ ይደር። ከወንዝ ወይም ከኩሬ በቀጥታ ሲጠጣ አልቅት አፍንጫው ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ከቀናት በኋላ አፍንጫው ቢደማ በመጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ይኸው ነው። የራሱ ጎድጓዳ ሳህንና ከቤት የመጣ ውሃ ይኑረው። ከዚህ ሌላ ደራሽ ውሃ ለሰውም ለውሻም ስለማይራራ፣ ሰማዩ ከራስጌ በኩል ከጠቆረ የደረቀ የወንዝ አሸዋ ላይ ድንኳን አይተከልም።

ከሰው ጋር ያለው ነገር ደግሞ በፈቃድ ይጀምራል። የወንዝ ዳሩ የአንድ ቀበሌ የጋራ ግጦሽ ሊሆን ይችላልና ከአካባቢው ሽማግሌ ወይም ከቀበሌው አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። በደቡብ ጎንደርና በሌሎችም ሥፍራዎች የቀረው ነባር ደን ብዙው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ያለ ስለሆነ፣ ውሻ ወደዚያ ማስገባት ምእመናኑን ማስቀየም ነው። በግ ወይም ፍየል በሚታይበት ሥፍራ ውሻው ከእጅ በማትወጣ ገመድ ይያዝ። ለጨዋታ ብሎ እንኳ ቢያሯሩጣቸው ያረገዘች በግ ልትጨነግፍ ትችላለች፤ ካሳውም ከተሽከርካሪ ነዳጅ ይበልጣል። የእረኛው ውሻ እንግዳ ውሻ አይወድምና፣ ከሩቅ ድምፅ አሰምቶ እረኛው የራሱን እንዲይዝ መጠየቅ የቆየ ጨዋነት ነው። ቀይ ቀበሮ ባለበት ከፍታ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በጓሳም ሆነ በባሌ፣ የተከተበም ቢሆን ውሻ ይዞ መሄድ አይገባም።

ውሻ፣ የማንም ይሁን፣ ሰው ቢነክስ ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፣ ከዚያም ሳይዘገዩ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መድረስ ግድ ነው። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ ከሞት የሚያድን መድኃኒት ስለሌለ፣ ቅጠል ቀጥቅጦ በመቀባት የሚባክን ቀን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። ሐኪም ያዘዘው ክትባት በየቀጠሮው እስከ መጨረሻው ይወሰዳል። የነከሰውን ውሻ ያለ አደጋ ማሰር ከተቻለ ቸኩሎ ከመግደል ይልቅ 10 ቀን መከታተል ይሻላል። በእነዚህ ቀናት ጠባዩ ከተለወጠ፣ ለሃጩ ከተዝረከረከ፣ መንጋጋው ከወደቀ ወይም ከሞተ ለእንስሳት ክሊኒኩና ቁስለኛውን ለሚያክመው ባለሙያ በዚያው ቀን ይነገራል። በዚያ ውሻ የተነከሰ ከብት ወይም አህያ ካለም ለክሊኒኩ አብሮ ይመዝገብ፤ ወተቱም ሳይፈላ አይጠጣ።