መስኮት ሲከፈትና ሲዘጋ የሚሰማ ስክሪፕት

በአማርኛና በእንግሊዝኛ እያፈራረቀ የሚጽፍ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ሰነድ ከፍቶ መጻፍ ሲጀምር ኪቦርዱ እንግሊዝኛ ላይ ሆኖ ይቆየዋል፤ ሰነዱን ዘግቶ ተርሚናል ላይ ትእዛዝ ሊጽፍ ሲል ደግሞ የግዕዝ ፊደል ይወጣበታል። የሰነዱ መስኮት ሲከፈት ኪቦርዱን ወደ አማርኛ፣ ሲዘጋ ወደ እንግሊዝኛ የምትመልስ አጭር ስክሪፕት ከዚህ ትገላግላለች። ኪቦርዱን መቀየሩ የአንድ መስመር ትእዛዝ ነው። ዋናው ጉዳይ መስኮቱ መከፈቱንና መዘጋቱን ማወቁ ላይ ነው።

ሊኑክስ ላይ ለረጅም ዘመን መስኮቶችን ሲያስተናግድ የኖረው ኤክስ ዊንዶው ሲስተም ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ ኤምአይቲ ተጀመረ፤ ዛሬም የሚሠራበት 11ኛው እትሙ በ1987 ወጣ። በኤክስ ውስጥ መስኮቶች ሁሉ የሚያርፉት መላውን ስክሪን በሸፈነ አንድ ስር መስኮት ላይ ነው። ዊንዶው ማኔጀር የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ እንደ አጋፋሪ ነው፤ የገባውን ያስቀምጣል፣ የወጣውን ይሸኛል፣ በውስጥ ያሉትን መስኮቶች መለያ ቁጥር በዝርዝር ጽፎ በስሩ መስኮት ላይ ይለጥፋል። ስክሪፕታችን ማንበብ ያለባት ይህንኑ ዝርዝር ነው።

ብዙ ሰው የሚጀምረው በየሰከንዱ ዝርዝሩን እያስወጣ ካለፈው ጋር በማነጻጸር ነው። አዲስ ቁጥር ከመጣ መስኮት ተከፍቷል፤ የነበረው ከጠፋ ተዘግቷል። ይሠራል፣ ግን አልወደውም። በሁለት ንባብ መካከል ተከፍቶ የተዘጋ መስኮት ጨርሶ ሳይታይ ያልፋል። ይህን ለማዳን ንባቡን ቢያፈጥኑት ደግሞ ምንም ባልተለወጠበት ሰዓት ሁሉ ፕሮሰሰሩ ይለፋል፣ የላፕቶፑም ባትሪ ያልቃል።

ኤክስ ራሱ ግን ዝርዝሩ በተለወጠ ቁጥር ለጠየቀው ሁሉ ይናገራል። ኤክስፕሮፕ የምትባለው ትእዛዝ ስፓይ በሚለው አማራጭ ስትነሳ ሥራዋን ጨርሳ አትወጣም፤ እዚያው ሆና ለውጥ ሲመጣ ብቻ አዲስ መስመር ታወጣለች። ስክሪፕቷ ያንን መስመር ትጠብቃለች፤ እስኪመጣ ድረስ ተኝታ ስለምትቆይ ማሽኑን አታደክምም።

መከፈቱ በዚህ ይቃለላል። አስቸጋሪው መዘጋቱ ነው። መስኮት ሲዘጋ ከዝርዝሩ ቁጥሩ ብቻ ይጎድላል፤ የሰነድ ይሁን የሙዚቃ ማጫወቻ ቁጥሩ አይነግረንም። ያን ጊዜ ስሙን መጠየቅ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ መስኮቱ ስለሌለ የሚመጣው መልስ ስህተት ነው። ስለዚህ ማንነቱ መጠየቅና መመዝገብ ያለበት ገና ሲከፈት ነው። የሚመዘገበውም በአናቱ ላይ የሚታየው ርእስ ባይሆን ይሻላል፤ የብሮውዘር ርእስ በየገጹ ይለዋወጣል። ፕሮግራሙ የሚታወቅበት የክላስ ስም ግን ይጸናል። መስኮቱ ሲዘጋ ከመዝገቡ አንብቦ ሥራውን መሥራት፣ ከዚያም መስመሩን መሰረዝ ነው፤ ቁጥሩ በኋላ ለሌላ መስኮት ሊሰጥ ይችላልና። ሁለት ሰነድ ተከፍቶ አንዱ ቢዘጋ ኪቦርዱ መነካት የለበትም፤ የመጨረሻው እስኪዘጋ መቁጠር ያስፈልጋል።

ወደ ታች ዝቅ የተደረገ መስኮት ከአጋፋሪው ዝርዝር ስለማይወጣ እንደተዘጋ አይቆጠርም። ብቅ ብለው የሚጠፉ ሜኑዎችም ዝርዝሩ ውስጥ አይገቡም። ዝርዝሩን ትቶ ከኤክስ የሚመጣውን ጥሬ መልእክት በቀጥታ የሚያዳምጥ ሰው ግን ሁለቱንም ራሱ መለየት አለበት፤ ለዚህ ሥራ ዝርዝሩን የምመርጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ኤክስን ለመተካት ክርስቲያን ሆግስበርግ እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረው ዌይላንድ ግን ይህን የማዳመጫ በር ዘግቶታል። በኤክስ ማንኛውም ፕሮግራም የሌላውን መስኮት ማየት፣ የሚተየበውንም ቁልፍ ማዳመጥ ይችላል፤ የይለፍ ቃል ለሚተይብ ሰው ይህ ቀላል አደጋ አይደለም። በዌይላንድ አንዱ ፕሮግራም ስለ ሌላው መስኮት አያውቅም፣ የበሩ መዘጋትም ትክክል ነበር እላለሁ። ስክሪፕቷ ፈቃድ የምትጠይቀው መስኮቶቹን ከሚያስተዳድረው ኮምፖዚተር ነው፤ መንገዱም እንደየኮምፖዚተሩ ይለያያል። ስዌይ በሚባለው ኮምፖዚተር ላይ የመስኮት ወሬ እንዲደርሳት ትመዘገባለች፤ ሲከፈትም ሲዘጋም የሚላክላት መልእክት የመስኮቱን ማንነት አብሮ ይይዛል።